ለመቼ ነው?

ጡረታ ወጣሁ እላለሁ እንጂ ጡረታ ያወጣኝ መሥሪያ ቤት የለም። ያወጣኝ መንገድ ነው። የኮተቤው መንገድ ሲሰፋ የፍራፍሬ መደርደሪያዬ የነበረባት ሦስት ማዕዘን መሬት አብራ ተነሣች። ምትክ ቦታ ሰጥተውኝ ነበር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ጉልበቴ ደግሞ ደረጃ የሚባል ነገር አይወድም። በቃኝ ብዬ ሚዛኔን ለጎረቤት ሰጥቼ ቤቴ ገባሁ። ከገባሁ አራት ወር ሆነኝ፤ አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ የዋልኩበትን ቀን ቁጠሪ ብትሉኝ ግን የለኝም።

ችግሩ እጄ ነው። ልጄ ሜሮን ዳቦ ገዝታ ስትገባ ሳላስበው አንስቼ ከሥሩ እዳብሰዋለሁ። ሰው ቤት ጠረጴዛ ላይ ሎሚ ካየሁ ሳላገላብጠው አልነሣም። ባለፈው ለቅሶ ቤት የተቀመጥኩበትን ትራስ ይዤ ስጨምቅ ስጨምቅ፣ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ በሐዘን የተጎዳሁ መስሏቸው አቅፈው አጽናኑኝ። ምን ልበላቸው? ዝም ብዬ ተጽናናሁ።

"እማዬ፣ በእናትሽ ተቀመጪ" አለችኝ ሜሮን። "መቀመጥ እምቢ ካለሽ ደግሞ ቢያንስ ጻፊው" ብላ ደብተር ገዝታ ሰጠችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። እየተነሣሁ፣ ውሃ እየጠጣሁ፣ በረንዳ ወጥቼ እንጦጦን እያየሁ፣ ተመልሼ እየተቀመጥኩ። ብዙ የምጽፈው አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደብተሩን ያስከፈተኝ አንድ ቁልፍ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከእጄ የተወሰደ፣ በገዛ ጥፋቴ ተወሰደብኝ ብዬ ይህን ሁሉ ዘመን አንጀቴ ሲያር የኖረ ቁልፍ።

ሥራ የጀመርኩት መገናኛ አጠገብ በነበረ የመንግሥት ፍራፍሬ መሸጫ ነው። ያኔ መገናኛ ዛሬ እንደምታዩት ሰው በሰው ላይ የሚረማመድበት ቦታ አልነበረም። አለቃችን አቶ ታፈሰ ከረባት ሳያስሩ ቲማቲም የማያስመዝኑ ሰው ናቸው። ሕጋቸው አንዲት ናት፤ ገዢ አይመርጥም፣ ሻጭም አይመርጥም፣ ከላይ ያለው ይሸጣል። እንትኑ የበሰለ ነው፣ እንትኑ ጥሬ ነው ማለት ክልክል ነው። ሰዉ ተሰልፎ ድንጋይ የሚያህል አቮካዶ ተቀብሎ ይሄዳል፤ በማግስቱ ሊሰድበን ይመለሳል። ደመወዙ ባይበዛም በጊዜው ይደርስ ነበር፣ ፊርማውና ማኅተሙ ግን ከሙዙ ይበልጥ ነበር።

እኔ ደግሞ አላስችል ይለኛል። አንድ ቀን አንዲት እናት "እሑድ እንግዳ አለብኝ" ስትል ሰምቼ፣ አቶ ታፈሰ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ለእሑድ የሚሆናትን መርጬ ከረጢቷ ውስጥ ከተትኩላት። ዞር ስል አንድ ረጅም ሰውዬ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። የበሰለ ሙዝ የሚያስረክቡን ጋሽ ደበላ ናቸው፤ ደረሰኝ እየጠበቁ ነበር። አለቀልኝ ብዬ ደርቄ ቀረሁ።

"ማን አስተማረሽ?" አሉኝ ቀረብ ብለው።

"ማንም።"

"መዳፍሽ ያውቃል። አውራ ጣትሽ ግን ነፍሰ ገዳይ ነው።"

እውነታቸውን ነው። በአውራ ጣት የተጫኑት ፍሬ ውስጥ ውስጡን ይጠቁራል፤ ገዢው የሚያየው ቤቱ ወስዶ ሲቆርጠው ነው። መሸጫው ሲዘጋና ሁላችንም ስንበተን የሄድኩት ወደ እሳቸው ነው። "አውራ ጣቴን አምጥቼልዎታለሁ" አልኳቸው። ሳቁና አስገቡኝ።

ጋሽ ደበላ የዚያው የኮተቤ ልጅ ናቸው። ቤተሰባቸው ገበሬ ነበር፤ ከተማው መጥቶ እርሻውን ከበበውና እሳቸው በቀረቻቸው ቁራሽ መሬት ላይ የሙዝ ማብሰያ ክፍል ሠሩ። ክፍሉ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጣው ዳገት በሚጀምርበት፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ነበር። ግድግዳው ድንጋይ፣ መስኮት የለው፣ በሩ አንድ። ሙዙ ከአርባ ምንጭ በአይሱዙ አረንጓዴውን ይመጣል። ጭድ ላይ እንደረድረዋለን፣ ከቆርቆሮ የተሠራ ትልቅ የላምባ ኩራዝ አብርተን መሐል እናስቀምጣለን፣ በሩን ዘግተን ክፍተቱን በእርጥብ ጆንያ እንወትፋለን። ከዚያ ሦስት ቀን ማንም አይነካውም። ሙቀቱና የፍሬው ትንፋሽ እዚያው ውስጥ ታፍኖ ነው የሚያበስለው። አቮካዶም ከጥግ በጭድ ቀብረን አብረን እናስገባለን።

ከመዝጋታቸው በፊት ሦስት ጊዜ "ማነው ውስጥ?" ብለው ይጣራሉ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከእሳቸው ሌላ ማን ሊኖር ነው? እኔ አጠገባቸው ቆሜ እንኳ ይጣራሉ። የዚያ ክፍል ጭስ ሰው እንደሚገድል ያውቃሉና አንድም ቀን ሳይጣሩ ዘግተው አያውቁም። ከዚያ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ዱካቸው ላይ ይቀመጡና የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይገልጣሉ። እኔ በሩን ስዞረው፣ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ስለጥፍ፣ ቀና ሳይሉ "ሱታ፣ ዘኒ፣ ሱታ" ይሉኛል። ቀስ ማለት ነው። ስሜ ዘነበች ነው፤ ዘኒ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። በቀን ስንት ጊዜ ሱታ እንደተባልኩ እግዜር ይቁጠረው።

ሙያቸውን ሁሉ ያስተማሩኝ ግን በአንድ ጥያቄ ነው። ደጃፋቸው ለሚመጣ ገዢ ሁሉ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ "ለመቼ ነው?" ይላሉ። ዋጋ ቀጥሎ ነው፣ ኪሎ ቀጥሎ ነው። ለዛሬ ምሳ ከሆነ ከፊተኛው ረድፍ፣ ለነገ ከሆነ ከመካከለኛው፣ ለሳምንቱ መጨረሻ ከሆነ ከጭዱ ውስጥ። "አላውቅም" የሚል ሰው ሲመጣ ያዝናሉ። "መቼ እንደሚበላው የማያውቅ ሰው እንዴት ይገዛል?" ይሉኝና አንድ የዛሬ፣ አንድ የነገ፣ አንድ የከነገ ወዲያ አድርገው ይሰጡታል። አቮካዶን በሙሉ መዳፍ መያዝ፣ አንገቱ ጋ ያለችውን ለስላሳነት መስማት፣ ማንጎን ከግንዱ በኩል ማሽተት፣ ፓፓያ ላይ የምትወጣውን አንዲት ቢጫ መስመር ማየት፣ ይህን ሁሉ ከእሳቸው ለቀምኩ። ያልለቀምኩት አንድ ነገር ነው፤ መጠበቅ።

በሦስተኛው ዓመት የክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝ። ረጅም፣ ከባድ፣ በቆዳ ማንገቻ የታሰረ የድሮ ቁልፍ። አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ስሄድ ቀበሌው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጉዱ መጣሁ።

የጋሽ ደበላ አንዲት ልጃቸው ሌንሴ ልታገባ ሆነ። ሙሽራው ለትምህርት ወደ ውጭ የሚሄድበት ቀን ስለ ደረሰ ሰርጉ በሐምሌ ወደቀ። እነሱ ጴንጤዎች ናቸው፤ ጠጅ የለ፣ ጠላ የለ፣ ቢራ የለ። የሰርጋቸው መጠጥ ጁስ ነው። የፍራፍሬ ሰው ልጅ ስታገባ ደግሞ ሰዉ ምን እንደሚጠብቅ አስቡት። ማንጎና ፓፓያው ደርሷል፤ ከላይ የሚደረበው አቮካዶ ነው የቀረው። ከሰርጉ በፊት በነበረው እሑድ ጋሽ ደበላ ጠሩኝና "እኔ በዚህ ሳምንት የሙሽራ አባት ነኝ፣ ክፍሉ ያንቺ ነው" አሉኝ። "ለመቼ ነው?" አልኳቸው እየቀለድኩ። "ለቅዳሜ" አሉ፤ አልሳቁም።

ማክሰኞ ጠዋት አቮካዶውን በጭድ ቀበርኩ፣ ሙዙን ደረደርኩ፣ ኩራዙን አበራሁ፣ ሦስት ጊዜ ተጣርቼ ዘጋሁ። ረቡዕ ለጁሱ ስኳርና ሎሚ ልገዛ መገናኛ ስወርድ፣ በታክሲ ግፊያ ውስጥ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ቁልፉን ለጋሽ ደበላ ትቼ ሄድኩ፤ ስመለስ መለሱልኝ። እስከ ዓርብ አይከፈትም ነበር። ሐሙስ ጠዋት ግን ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል፣ ዝናቡም አላባራ አለ። ክፍሉ ቢቀዘቅዝስ? አቮካዶው ቢቆምስ? በሩን ስዞረው ስዞረው አልቻልኩም። አንዴ ብቻ፣ ለዓይኔ ብቻ ብዬ ከፈትኩት።

ነፋሱ አብሮኝ ገባ። ኩራዙ ጠፍቶ ነበር። እኔው ያስገባሁት ነፋስ አጠፋው አልኩ። ስሮጥ ሄጄ አንስቼ ሳበራው ቆርቆሮው እጄ ላይ ቀዝቃዛ ነበር። ብርዱ ነው አልኩ። መልሼ ዘጋሁ፣ ጆንያውን ወተፍኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ዓርብን ሳልከፍተው ባሳልፍ ሁለት ቀን ያገኛል፣ ይደርሳል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ስከፍት አቮካዶው ድንጋይ ነው። አንዱን አነሣሁ፣ ሌላውን አነሣሁ፣ ከሥር ያለውን ቆፍሬ አወጣሁ፤ ሁሉም ድንጋይ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ብርጭቆው ታጥቧል፣ የመዘምራኑ ማይክ እየተሞከረ ይሰማኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሽ ደበላ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አበባ ደረታቸው ላይ ሰክተው መጡ። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። መክፈቴን፣ ነፋሱን፣ ኩራዙ ጠፍቶ ማግኘቴን፣ ቆርቆሮው ቀዝቃዛ እንደነበረ ሳይቀር ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ወጡ።

ሰዉ ማንጎና ፓፓያውን ለቅምሻ ያህል ተካፈለ፣ ግማሹ እንግዳ በውሃ ተሸኘ። የሙሽራው ወገኖች ሲተያዩ አይቻለሁ። ሌንሴ ፈገግ ብላ ተቀምጣለች፤ ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳትም። ሽኝቱ ሲደርስ ግን ጋሽ ደበላ ያን ድንጋይ አቮካዶ በቅርጫት አስጭነው መጥተው የድንኳኑ በር ላይ ቆሙ። ለሚወጣው እንግዳ ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ በመዳፋቸው እየያዙ ይሰጡ ጀመር።

"ይሄ ለማክሰኞ ነው። ይሄ ለረቡዕ። እማማ፣ ይሄ ለእርስዎ ለሐሙስ ይደርሳል፤ እንዳይጫኑት።"

ሰዉ መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረ፣ ከዚያ እየተሰለፈ "ለእኔስ ለመቼ ነው?" እያለ ይጠይቃቸው ገባ። በሳምንቱ ሰው ሁሉ "ያሉኝ ቀን ደረሰ" እያለ ሲመጣላቸው ነበር። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። እኔ ቅርጫቱን ይዤ ከኋላቸው ቆሜ ቀና ማለት አቃተኝ።

ሰዉ አልቆ ቅርጫቱ ባዶ ሲሆን መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋቸው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ምንኛ በተሻለኝ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አብረን ሠራን። ጠዋት እሳቸው ይከፍታሉ፣ እኔ እገባለሁ፤ እሳቸው ይዘጋሉ፣ እኔ እወጣለሁ። ስለዚያ ቅዳሜ አንዲት ቃል ተነሥታ አታውቅም። "ሱታ" ማለትም ተዉ። እኔ ግን በየጠዋቱ ቁልፉን ዓይን ዓይኑን አየው ነበር፤ ዛሬ ይሰጡኛል፣ ለበዓል ይሰጡኛል እል ነበር። ዕድሜ ሲጫናቸው ክፍሉን ዘጉትና ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ቤታቸው ገቡ። እኔም መንገድ ዳር ወጣሁ።

ያቺ ሦስት ማዕዘን መሬት በሁለት መንገድ መሐል ስለነበረች ሰዉ ደሴቷ ይላት ነበር። ከዚህም ከዚያም ሚኒባስ ይከበኛል፣ እኔ መሐሉ ላይ ፍሬዬን ደርድሬ ተቀምጫለሁ፤ ተቀምጫለሁ ስል ቆሜያለሁ ማለቴ ነው። ዓመቱን የማውቀው በፍሬ ነበር። ሚያዝያ ማንጎ ይዞ ይመጣል፣ ግንቦት ቢጫ በቢጫ ያደርገኛል፣ ክረምቱ ሲጨልም ኮክና በለስ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ዘይቱን፣ ብርዱ ሲመጣ ብርቱካን። ፓፓያና ሙዝ ዓመቱን ሙሉ። ጾም ሲገባ የአቮካዶ ገበያ እግር አያስቆምም። የመምህራን ኮሌጁ ተማሪዎች ስሜን ስለማያውቁ "ለመቼ ነው" ብለው ጠሩኝ። "ከለመቼነው ጋ ግዢ" ይባባላሉ። ወፍራም መነጽር የሚያደርግ አንድ ተማሪ ሦስት ዓመት ሙሉ በየዓርቡ አንድ ማንጎ "ለእሑድ" ብሎ ይገዛኝ ነበር። ለማን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ሲመረቅ ሁለት ገዛና አንዱን ለእኔ ሰጠኝ፤ ለዛሬ ነበር፣ እዚያው በላሁት።

አንድ ነገር ግን አላደርግም። የሰርግ ትእዛዝ አልቀበልም። ስንቱ ለምኖኛል። የገዛ ልጄ ሜሮን ስታገባ እንኳ ጁስ አልሠራሁላትም፤ ለስላሳ በሳጥን አስመጣሁ። "እማዬ፣ አገሩን ሁሉ ፍራፍሬ ታበያለሽ፣ ለእኔ ሰርግ?" አለችኝ። እጄ አይታመንም ነበር እኮ፤ ቁልፍ የተቀማ እጅ ነው።

ባለፈው ሰኞ ሌንሴ ደወለችልኝ። ባሏ ትምህርቱን ጨርሶ ከተመለሰ ወዲህ ከአባቷ ጋር ነው የሚኖሩት።

"እትዬ ዘነበች፣ አባዬ ደክሟል። ሐኪሞቹም ቤት ይሁን ብለዋል። እርስዎን ይጠራል።"

ስድስት አቮካዶ ይዤ በረርኩ። ጋሽ ደበላ አልጋ ላይ ናቸው፤ ያ ሁሉ ቁመት አልቆ ብርድ ልብሱ ሥር ትንሽ ሰው ቀርቷል። ዓይናቸው ግን ያው ነው። ከረጢቱን አስከፈቱኝና በመዳፋቸው እየዳበሱ ከሁሉም ጠንካራውን መርጠው ሰጡኝ።

"ለመቼ ነው?" አሉኝ።

በዚህ ዕድሜዬ ፈተና። በመዳፌ ያዝኩት፣ አንገቱን ሰማሁት፣ ቤቱ ምን ያህል እንደሚሞቅ አሰብኩ።

"ለሐሙስ።"

"መስኮቱ ላይ አስቀምጪው። እስከ ሐሙስ እንዳትመጪ፣ እንዳትነኪው።"

ተረዳሁ። ቁልፉን ሊሰጡኝ ነው። ወይም ላይሰጡኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ነገር መስኮት ላይ ተቀምጦ ሦስት ቀን ጠብቂ ተባልኩ።

ማክሰኞ ባቡር ተሳፍሬ አያት ድረስ ሄጄ፣ ምንም ሳልሠራ፣ በዚያው ባቡር ተመለስኩ። ረቡዕ የእንጦጦን ዳገት እስኪደክመኝ ወጣሁ፤ ጉልበቴ ተሳደበ። ስወርድ እግሬ ራሱ ወስዶ እነ ጋሽ ደበላ በር ላይ ጣለኝ። እጄን ለማንኳኳት አንስቼ መለስኩት። እንግዲህ አትክፈቺ የተባልኩትን በር ሳልከፍት ስመለስ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ብሎኝ እያለቀስኩ ወረድኩ።

ትናንት፣ ሐሙስ፣ ገና በጠዋቱ ደረስኩ። ወደ መስኮቱ አየሁ። አቮካዶው የለም።

አልጋው አጠገብ ሳህን ላይ ለሁለት ተከፍሎ ተቀምጧል። አረንጓዴ፣ ደረቅ፣ ፍሬው እንኳ ከሥጋው አልላቀቅ ብሎ በቢላዋ ተፈልቅቋል።

"ትናንት ከሰዓት ነው ያስቆረጠኝ" አለች ሌንሴ። "ለምኜው ነበር፤ እምቢ አለ።"

"አልደረሰም ነበር" አሉ ጋሽ ደበላ። "ሐሙስ ነበር ቀኑ። ልክ ነበርሽ፣ ዘኒ።"

"ታዲያ ለምን ቆረጡት?"

"ሐሙስን አላመንኩትም።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ረቡዕ ቀን መጠበቅ ሲያቅተኝ ደግሞ ይሄ የመጀመሪያዬ አይደለም።"

አልገባኝም። ሌንሴም አልገባትም።

"በሰርጓ ሳምንት አንቺ ስኳር ልትገዢ ስትሄጂ ቁልፉን ለእኔ ትተሽ ነበር። ልጄ ናት፣ ሆዴ አላስችል አለኝ። ከፈትኩት። ጭሱ ዓይኔን ሲያጠፋኝ ቶሎ ብዬ መልሼ ዘጋሁት፤ ኩራዙ መጥፋቱን አላየሁም። ቅዳሜ አንቺ እያለቀስሽ ቆርቆሮው ቀዝቃዛ ነበር ስትይኝ ነው የገባኝ። ነፋስ አሁን ያጠፋው ኩራዝ ትኩስ ነው፣ ዘኒ። እኔ ነኝ ረቡዕ ያጠፋሁት። አንድ ቀን ሙሉ ቀዝቅዞ ነው ያገኘሽው።"

እጄ ላይ ያ ቅዝቃዜ ተመለሰ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው መዳፌ ላይ ነበር እኮ። ኩራዝ ሳበራና ሳጠፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዴት አልጠረጠርኩም? እሳቸው ከፍተው ይሆናል የሚል ሐሳብ በየት በኩል ይምጣብኝ።

"ሰው በተሰበሰበበት እኔ ነኝ ለማለት አፈርኩ። ኋላ ደግሞ ቆየ፤ የቆየ ነገር አፍ ያስይዛል። ቁልፉን የወሰድኩብሽ አንቺን ልቀጣ አልነበረም። አንገትሽ ላይ ባየሁት ቁጥር ነገሩ ይነሣብኝ ነበር።"

ከትራሳቸው ሥር ያን ቁልፍ አወጡ። ማንገቻው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። "ይቅር በይኝ" አሉ።

ሰው እንዲህ ሲለምን ወዲያው ይቅር ይባላል፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ቆሽቴ ነው የደበነው። የሜሮን ሰርግ ታየኝ፣ በሳጥን የተደረደረው ለስላሳ። የመለስኳቸው ሙሽሮች ሁሉ፣ በየጠዋቱ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ የቆምኩባቸው ስድስት ዓመታት። ብጮህ ሰውዬው ታመዋል። ይቅር ብያለሁ ብል ውሸቴን ነው፤ የበሰለ ነው ብዬ ጥሬ እንደመሸጥ ነው።

"ለመቼ ነው?" አልኳቸው።

ሌንሴ ደንግጣ አየችኝ። እሳቸው ግን ገባቸው። ደረታቸው ተርገበገበ፤ ሳቅ ነበር፣ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሌንሴ ውሃ አቀረበችላቸው።

"ለመቼ ይደርስልሻል?" አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስላቸው።

"አሁን ድንጋይ ነው፣ ጋሼ። ለእሑድ።"

"እሑድ ጥሩ ነው" አሉ። "አልነካውም።"

ቁልፉን ተቀብዬ፣ አመሰግናለሁም ሳልል ወጣሁ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ቁልፉ ከደብተሩ አጠገብ ተቀምጧል። የሚከፍተው በር የለም፤ ክፍሉ የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ስደባብሰው ነው የዋልኩት። ይቅርታው አልበሰለም። ትንሽ አንገቱ ጋ ለስልሷል እንጂ መሐሉ ገና ነው፤ እናደድባቸዋለሁ። ለእሑድ ያልኩት ልክ ነው፣ እጄ አልተሳሳተም። ግን እሳቸው ሐሙስን ካላመኑ እኔ ማን ሆኜ ነው እሑድን የማምነው?

"ለእሑድ ነው ያልሻቸው አይደል እንዴ?" ትለኛለች ሜሮን ከበር ላይ።

ነው። ጫማዬን ግን አድርጌያለሁ። ጥሬውንም ቢሆን ይዤላቸው እሄዳለሁ።